ለሁለት የተከፈለው ጭነት

አይጧ ደንዝዛ ተኝታለች። ሰውነቷ እንዳይቀዘቅዝ ከሥሯ የሚሞቅ ምንጣፍ ተነጥፎላታል። ከአናቷና ከጆሮዋ ጀርባ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች ከቆዳዋ ሥር ገብተዋል፤ ሽቦዎቻቸው ወደ ኮምፒዩተር ይሄዳሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ድምፅ በሚውጥ ስፖንጅ ተለብዷል። ከጆሮዋ አጠገብ ካለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይወጣል። የምትሰማ አይጥ ብትሆን ኖሮ እያንዳንዷ ጠቅታ በመስሚያ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ስትገሰግስ ኮምፒዩተሩ ላይ ተከታታይ ትናንሽ ጉብታዎችን ታስነሳ ነበር። መርማሪዋ ድምፁን ትጨምራለች፤ አሁንም ትጨምራለች። ሰው ጆሮውን ይዞ የሚሸሽበት ደረጃ ላይ ደረሰ። መስመሩ ግን እንደተኛ ነው።

የማትሰማ አይጥ የምትመረመረው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩትና በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ አይጦችን ወስደው ወደ ውስጠኛው ጆሯቸው በአንዲት ስስ ሽፋን በኩል ጥቂት ፈሳሽ አስገቡ። (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፈሳሹ ውስጥ በሽታ እንዳያመጡ የተደረጉ ሁለት ዓይነት ቫይረሶች ነበሩ። አንደኛው የአንድ ዘረመል የፊት ግማሽ ተሸክሟል፣ ሁለተኛው የኋላውን። ከጊዜ በኋላ እንስሳቱ እንደገና ወደዚያች ክፍል ገቡ፣ ጠቅታው እንደገና ተለቀቀ፣ ተኝቶ የነበረውም መስመር ጉብ ጉብ ማለት ጀመረ።

ስለ ዘረመል ሕክምና ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ዘረመሉ ነው፦ ተገኘ፣ ተነበበ፣ ስህተቱ ታወቀ። እኔን ለዓመታት ሲያስገርመኝ የኖረው ግን የመጓጓዣው ነገር ነው። የጎደለው ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ጤናማውን ቅጂ በሕይወት ባለ እንስሳ ገላ ውስጥ፣ ትክክለኛው ህዋስ ድረስ፣ ማን ተሸክሞ ያደርሰዋል? ጭነቱ ከተሸካሚው ጫንቃ በላይ ሲሆንስ?

የእነዚያ አይጦች ጆሮ ሲታይ ምንም የጎደለው አይመስልም። ታምቡሩ ደህና ነው። ቀንድ አውጣ የሚመስለው ውስጠኛው ጆሮ ቅርፁን ጠብቋል። በድምፅ የሚወዛወዙት ባለፀጉር ህዋሶች በየቦታቸው ተሰልፈው ድምፁን በደንብ ይቀበላሉ። ያቃታቸው የተቀበሉትን ለነርቩ ማስረከብ ነው። ይህን ርክክብ የሚያስፈጽመው ኦቶፈርሊን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ካልሲየም ወደ ህዋሱ ሲገባ ምልክቱን ተቀብሎ፣ መልእክት የቋጠሩት ጥቃቅን ከረጢቶች በነርቩ አፍ ላይ እንዲዘረገፉ ያደርጋል። ዘረመሉን በ1999 ያገኘው በፓስተር ኢንስቲትዩት የክሪስቲን ፕቲ ቡድን ነው። በሰውም ላይ ችግሩ ያው ነው፤ ከአባትም ከእናትም የተበላሸ ቅጂ የወረሰ ልጅ ሳይሰማ ይወለዳል። የሚያሳዝነው ደግሞ በብዙ አገር አራስ ልጆች የሚመረመሩበት ቀላል መሣሪያ ይህን ችግር አለማየቱ ነው። መሣሪያው የሚያዳምጠው ከጆሮ ተመልሶ የሚወጣውን ማሚቶ ነው፤ የእነዚህ ሕፃናት ጆሮ ደግሞ ማሚቶውን በደንብ ይመልሳል። መሣሪያው ‘ይሰማል’ ብሎ ያሳልፈዋል። ልጁ አይሰማም።

አሁን ወደ ተሸካሚው እንምጣ። በ1965 በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ቦብ አቺሰንና ባልደረቦቹ የጦጣ አዴኖቫይረስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ በትላልቆቹ ቫይረሶች መካከል የተዘሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አዩ። እንደ ቆሻሻ ሊቆጠሩ የሚችሉ ነገሮች ነበሩ። ነገር ግን ራሳቸውን የቻሉ ቫይረሶች ሆነው ተገኙ፤ ሌላ ቫይረስ ካልረዳቸው በስተቀር መራባት እንኳ አይችሉም። የአዴኖቫይረስ ተጓዳኝ ስለሆኑ በምህጻረ ቃል ኤኤቪ ተባሉ። እነዚህ ቫይረሶች በራሳቸው በሰው ላይ እንደሚያመጡት የተረጋገጠ በሽታ የለም፤ አብዛኞቻችን ሳናውቀው ተገናኝተናቸዋል። ከ1984 ጀምሮ ተመራማሪዎች የቫይረሱን የራሱን ዘረመሎች አውጥተው በባዶው ቅርፊት ሌላ ጭነት መላክ ተማሩ። የሚቀሩት በሁለቱ ጫፎች ያሉ 145፣ 145 ፊደል የሚሆኑ ቁራጮች ብቻ ናቸው። ፊደል የምለው የዲኤንኤን አራት ኬሚካዊ ምልክቶች ነው።

ቅርፊቱ 60 ፕሮቲኖች ተጋጥመው የሚሠሩት ኳስ ነው። 40,000 ያህሉ ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። ውስጡ የሚይዘው 4,700 ፊደል ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲሞሉት ወይ አይዘጋም ወይ የጭነቱ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል። እንደ ጆንያ እየጠቀጠቁ የሚያስፉት ነገር አይደለም፤ ስድሳው ጡብ የሚገጣጠመው በአንድ ልክ ብቻ ነውና። ኦቶፈርሊን 1,997 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ስለሆነ መመሪያው ብቻውን 6,000 ፊደል ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። በዚያ ላይ ‘ከዚህ ጀምር’፣ ‘እዚህ አቁም’ የሚሉት ማዘዣዎች ይጨመሩበታል። አይገባም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላል የአገራችን ሰው። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ጭነቱን ለሁለት አካፈሉት። ግን ሎሚና ዘረመል አንድ አይደሉም። ሃያ አምስት ሎሚ የደረሰው ሰው ሃያ አምስት ሎሚ አለው። ግማሽ ዘረመል የደረሰው ህዋስ ግን ምንም የለውም። ስለዚህ ሁለቱም ቫይረሶች ወደ አንድ ህዋስ መግባት፣ ገብተውም መገናኘት፣ ተገናኝተውም በትክክለኛው በኩል መያያዝ አለባቸው።

የሚያያይዛቸው ነገር ከራሱ ከቫይረሱ መገኘቱ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ ውብ ክፍል ነው። እነዚያ የቀሩት ጫፎች በራሳቸው ላይ ታጥፈው እንደ ፀጉር ማስያዣ ቅርጽ ይሠራሉ። ወደ ህዋሱ ኒውክለስ ሲገቡ፣ የህዋሱ የራሱ የዲኤንኤ ጠጋኞች የተለያዩ ቫይረሶችን ጭነት ጫፍ ለጫፍ ይቀጥሏቸዋል። ሁለቱ ግማሾች አንድ ረጅም ገመድ ሲሆኑ መጋጠሚያቸው ላይ የማይፈለግ ቋጠሮ ይቀራል። ለዚህም መላ ተበጅቷል። የፊተኛው ግማሽ መጨረሻ ላይ ‘ከዚህ ቁረጥ’፣ የኋለኛው መጀመሪያ ላይ ‘እስከዚህ’ የሚሉ ምልክቶች ይጻፋሉ። ህዋሱ መመሪያውን ወደ አርኤንኤ ሲገለብጥ፣ ለራሱ ዘረመሎች ዘወትር እንደሚያደርገው፣ ቋጠሮውን ቆርጦ ይጥልና ሁለቱን ዳር ያጋጥማል። እርግጥ ነው፣ አንዳንዱ ግማሽ የኋሊት ይያያዛል፤ አንዳንዱ ከራሱ ቢጤ ጋር ይቀጠላል። ብዙው ጭነት ባክኖ ይቀራል። በአይጦቹ ጆሮ ግን የተሳካው በቂ ሆነ፤ መስማታቸውም ለወራት ዘለቀ። በጀርመን ጎቲንገን የነበረ ሌላ ቡድንም በዚያው ዓመት በተመሳሳይ መንገድ አይጦችን እንዲሰሙ አድርጓል።

በታኅሣሥ 2022 በሻንጋይ፣ በፉዳን ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለ የዓይንና የጆሮ ሆስፒታል፣ ሹ ዪላይ የተባሉት ሐኪም የሚመሩት ቡድን በዚሁ የሁለት ቫይረስ ዘዴ የመጀመሪያውን ልጅ ጆሮ አከመ። በጥር 2024 ላንሴት መጽሔት ላይ በወጣው ዘገባ ስድስት ልጆች አንድ አንድ ጆሯቸው ታክሞ ነበር። ሁሉም ከ95 ዴሲቤል በታች ያለ ድምፅ የማይሰሙ ነበሩ። አምስቱ ድምፅ መስማት የጀመሩበት ደረጃ ከ40 እስከ 57 ዴሲቤል በሚደርስ መጠን ዝቅ አለ፤ ይህም ማለት ምንም ከማይሰማበት ወለል ተነስተው የሰው ንግግር የሚደርስበት ቦታ ደረሱ ማለት ነው። አንዱ ልጅ አልተለወጠም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የራሳቸው ቋንቋና ባህል ያላቸው ማኅበረሰብ ናቸው፤ በአገራችንም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ከእነሱ መካከል ‘እኛ መጠገን ያለብን ብልሽት አይደለንም’ የሚሉ አሉ፤ ሊደመጡ ይገባል። እኔ ሕክምናው ለሚፈልገው ቤተሰብ መኖሩ መልካም ነው እላለሁ። ነገር ግን ምልክት ቋንቋ ለልጁ ሊነፈገው አይገባም፤ ቫይረሱን እየጠበቀ ያለ ቋንቋ የሚያድግ ልጅ የሚያጣው ዘመን በኋላ አይመለስም።

ጆሮ ለዚህ ሥራ የታደለ ቦታ ነው። ትንሽ ነው፣ የተዘጋ ነው፣ ፈሳሹም ወደ ቀረው ገላ ብዙም አይፈስስም። በሻንጋይ ለአብዛኞቹ ልጆች የተሰጠው 1.5 ትሪሊዮን ቫይረስ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን ከጡንቻ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ጡንቻ ሌላ ዓለም ነው። ዲስትሮፊን የሚባለው ፕሮቲን የሚጻፍበት ዘረመል በሰው ላይ ከታወቁት ረጃጅሞች አንዱ ሲሆን 2.2 ሚሊዮን ፊደል ያህል ይሆናል። የማያስፈልገው ተቆርጦ ወጥቶ መመሪያው ብቻ ሲቀር እንኳ 11,000 ይደርሳል። ፕሮቲኑ ሲጎድል ‘ዱሼን’ የሚባለው የጡንቻ መድከም ይመጣል። የሚያጠቃው በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን ነው፤ በሦስት በአራት ዓመቱ ደረጃ ለመውጣት የሚቸገር ልጅ፣ ለመነሳት በገዛ ጭኑ ላይ እጁን እየተመረኮዘ የሚቆም፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ። ይህ በሽታ ጎልደን ሪትሪቨር በሚባሉት ውሾችም ላይ በተፈጥሮ ይገኛል። ውሾቹ እግራቸውን እየጎተቱ ይራመዳሉ፤ መንጋጋቸው ስለሚደክም ምግብ መዋጥ ያስቸግራቸዋል።

11,000ውን ወደ 4,700ው ማስገባት አይቻልም። ያም ሆኖ መላ የተገኘው ከአንድ ሽማግሌ ነው። በ1990 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የአንድ ታማሚ ጉዳይ አሳተሙ፤ የዲስትሮፊን መመሪያው 46 በመቶ የጎደለበት፣ ግን በ61 ዓመቱ በእግሩ የሚሄድ ሰው። ፕሮቲኑ የመሃል ርዝመቱ ቢቀነስም ሁለቱ ጫፎቹ ካሉ ሥራውን በከፊል ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ ተነስተው ጄፍሪ ቼምበርሊንና ሌሎች ዘረመሉን እየቆራረጡ ከሲሶው ያነሰ ማይክሮ ዲስትሮፊን ሠሩ። በ2017 በፈረንሳይና በእንግሊዝ ተመራማሪዎች ትብብር 12 ታማሚ ውሾች ይህን በደም ሥራቸው ተቀብለው እስከ ሁለት ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው በሽታቸው ረገብ ብሎ ታየ። ሙሉውን ለማድረስ ያልቻለ ሰው ያሳጠረውን ያደርሳል።

ግን ጡንቻ መላ ገላ ነው። በ2023 አሜሪካ የፈቀደችው ማይክሮ ዲስትሮፊን የያዘ መድኃኒት፣ ኤሌቪዲስ፣ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 133 ትሪሊዮን ቫይረስ እየታሰበ ነው። ሃያ ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ማባዛቱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ይህ ሁሉ ቫይረስ በጉበት በኩል ያልፋል። በ2025 መራመድ ያቆሙ ሁለት ታዳጊዎች መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ በጉበት መድከም ሞቱ። ስለዚህ ስለ ጭነት መጠን ማውራት የቤተ ሙከራ ቅንጦት አይደለም። ተሸካሚው ትንሽ ሲሆን ብዙ ተሸካሚ ይላካል፤ ብዙ ተሸካሚ ሲገባ ደግሞ ገላ እንደ ወረራ ይቆጥረዋል።

ታዲያ ለምን ትልቅ ተሸካሚ አይፈለግም? ተፈልጓል። አዴኖቫይረስ ሆድ ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ባዶ ሲቀር እስከ 36,000 ፊደል ይይዛል። በ2002 ሙሉው ዲስትሮፊን በዚህ መንገድ በታማሚ አይጦች ጡንቻ ውስጥ ደርሶ ሠርቷል። ነገር ግን አዴኖቫይረስ የሚለው ስም የ1999ኙን ሐዘን ያስታውሳል። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የ18 ዓመት ወጣት ዘረመሎቹ ሙሉ በሙሉ ያልወጡለት የቀድሞው ዓይነት አዴኖቫይረስ ወደ ጉበቱ በሚሄደው ደም ሥር ተሰጠው፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። የገደለው የገዛ ሰውነቱ የመከላከል ቁጣ ነበር። መስኩ በሙሉ ለዓመታት ፀጥ አለ። ያም ሆኖ ይህ ተሸካሚ አልጠፋም። በመጋቢት 2021 ወደ ኢትዮጵያ የገባውና ብዙዎቻችን በክንዳችን የተወጋነው የአስትራዜኔካ የኮሮና ክትባት እንዳይራባ የተደረገ የቺምፓንዚ አዴኖቫይረስ ነበር፤ የኮሮናን አንድ ዘረመል ጭኖ የመጣ። በጥቂት መጠን ጡንቻ ላይ ሲወጋ ያ የመከላከል ቁጣ ራሱ ጥቅም ሆነ።

ከዚህም የሚበልጥ ተሸካሚ አለ። ከንፈር ላይ ብጉር የሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ የራሱ ዲኤንኤ 150,000 ፊደል ያህል ነው። በ2023 ቆዳቸው በጥቂት ንክኪ ለሚላጥ ሕሙማን የተፈቀደው ቅባት በዚህ ቫይረስ ላይ የተጫነ 9,000 ፊደል የሚጠጋ ዘረመል አለው፤ ቁስሉ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ ይንጠባጠባል።

አሁን የምደርስበት ሰው ስማቸው ከሚገባው ያነሰ የሚጠራ የአገራችን ሰው ናቸው። ደስታ በሽታ ይሉታል አርብቶ አደሮቻችን፤ የከብት ወረርሽኝ ነው። በ1887 ለኢጣሊያ ጦር ከሕንድ ከመጡ ከብቶች ጋር በምጽዋ በኩል እንደገባ ይነገራል። በእኛ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል ጨረሰ፤ በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ እርሻው ሲቆም ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ መጣ። ከመቶ ዓመት በኋላ ፕሮፌሰር ጥላሁን ይልማ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የነበሩ ኢትዮጵያዊ የእንስሳት ሐኪምና የቫይረስ ተመራማሪ፣ ያንን በሽታ ሊከላከሉት ያሰቡት በተሸካሚ ቫይረስ ነው። የመረጡት ቫክሲኒያን፣ ማለትም ፈንጣጣን ከዓለም ያጠፋውን የክትባት ቫይረስ ነበር። ይህ ቫይረስ ግዙፍ ነው፤ የራሱ ዲኤንኤ 190,000 ፊደል ያህል ሲሆን፣ በ1983 ጄፍሪ ስሚዝና በርናርድ ሞስ ቢያንስ 25,000 እንግዳ ፊደል ሊጨመርበት እንደሚችል አሳይተው ነበር።

ፕሮፌሰር ጥላሁን ከደስታ በሽታ ቫይረስ ሁለት ዘረመሎችን ወሰዱ፦ አንዱ ቫይረሱ ህዋስን የሚጨብጥበት፣ ሌላው ከህዋሱ ጋር የሚዋሃድበት። ሕያው የደስታ ቫይረስ ወደ አሜሪካ ዋና ምድር እንዲገባ ይፈቀድ ስላልነበረ ከብቶቹ የተፈተኑት ኒውዮርክ አጠገብ በምትገኘው ፕለም ደሴት በነበረው የመንግሥት ምርምር ጣቢያ ነው። በኅዳር 1988 ሳይንስ መጽሔት ላይ ውጤቱ ወጣ፤ ክትባቱን የወሰዱት ከብቶች ከገዳዩ መጠን ከ1,000 እጥፍ በላይ የደስታ ቫይረስ ተሰጥቷቸው አልታመሙም። ቫክሲኒያ ሲደርቅ ሙቀትን ይችላል፤ የሚሰጠውም ቆዳን ጫር በማድረግ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቆላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከብት ያረባ ሰው ያውቀዋል። በኋላ ፕሮፌሰሩ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመርጠዋል።

ደስታ በሽታን በመጨረሻ ያጠፋው የእሳቸው ክትባት አይደለም፤ ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ የሠሩት የተዳከመ ቫይረስና ጄፍሪ ማሪነር ሙቀት እንዲችል አድርገው ያሻሻሉት ነው። ይህን ኋለኛውን በአፋር ምድር የሠለጠኑ የማኅበረሰቡ ልጆች ከብቶቹ ባሉበት እየሄዱ ሰጡ፤ የኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝም በ1995 ተመዘገበ። በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ይህ ግን የፕሮፌሰር ጥላሁንን ሥራ አያሳንሰውም። ቫይረስ ዘረመል ተሸክሞ ግዙፍ እንስሳ ገላ ውስጥ ገብቶ ከሞት ሊያድን እንደሚችል ያሳየው ያ የፕለም ደሴት ጋጣ ነው፤ ያሰቡትም በቤተ ሙከራ ውስጥ ላለች አይጥ ሳይሆን ለአርሶ አደር በሬ ነው። ስለዚህ መስክ በአማርኛ ሲጻፍ ስማቸው ከፊት ቢቀመጥ እወዳለሁ።

የጫንቃው ጥያቄ አሁንም አልተፈታም። ዓይንና ጆሮን አንድ ላይ የሚያሳጣውን አሸር የተባለ በሽታ ከሚያመጡት ዘረመሎች አንዱ፣ ዩኤስኤች2ኤ፣ 15,600 ፊደል ነው፤ ለሁለት ቢካፈልም አይገባም። ሙሉው ዲስትሮፊንም ሁለት ተሸካሚ ስለማይበቃው ተመራማሪዎች ወደ ሦስት ሄደዋል። በ2024 በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ሂሸም ታስፋውትና ጄፍሪ ቼምበርሊን ለሦስት የተከፈለ ሙሉ ዲስትሮፊን ማስተላለፋቸውን ኔቸር መጽሔት ላይ አሳተሙ። መያያዣው በዲኤንኤው ላይ ሳይሆን በፕሮቲኑ ላይ ነው። ኢንቴይን የሚባሉ ትናንሽ የፕሮቲን ቁራጮች በየክፍሉ ጫፍ ላይ ተቀጥለው ይወጣሉ፤ እርስ በርስ ሲገናኙ ጥንዶቹ ይቆላለፋሉ፣ ሁለቱን ፕሮቲን ያጋጥማሉ፣ ራሳቸውን ደግሞ ቆርጠው ይወጣሉ።

የታማሚ አይጥ ጡንቻ እንደ ቅጠል በስሱ ተቆርጦ፣ ዲስትሮፊንን በሚያበራ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጨለማ ነው፤ ዘንጎቹ መጠናቸው የተዘበራረቀ፣ ዳራቸው ባዶ። ከሕክምና በኋላ ተቆርጦ ሲታይ በእያንዳንዱ ዘንግ ዙሪያ ቀጭን የሚያበራ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ ሙሉ በሆነበት ዘንግ ውስጥ፣ ለየብቻቸው የተጫኑ ሦስት ቁራጮች ተገናኝተዋል።